ማዳበሪያ የማይሸጥበት መጋዘን

ሌሊት የሚሠራ ሰው ቀን ይተኛ ተብሏል፤ እንቅልፍ ግን ይህን አልሰማችም። ዋሪስ በጀርባው ተጋድሞ መስኮቱን ያያል። ብርሃን እንዳይገባ ብለው የለጠፉት የምግብ መጠቅለያ ፎይል ጥጉ ላይ ተቀዷል፣ በቀዳዳው የሻርጃ ፀሐይ ሾልካ ትራሱ ላይ ትወድቃለች፣ ትራሱን ወደ እግርጌ ቢያዞረው እዚያም ትከተለዋለች፤ ከላይ ያለው አልጋ ባዶ ነው፣ ከጎን ያሉትም ባዶ ናቸው፣ ባለቤቶቻቸው ወደብ ላይ በፀሐይ እየተጠበሱ ነው፣ እሱ ብቻ እዚህ ከስልኩ ጋር ተፋጦ ቀርቷል። ስልኩ በአንዲት ሴት ድምፅ የደወሉላቸውን ሰው ማግኘት አይችሉም ይለዋል። የሴትዮዋ ትሕትና ለጉድ ነው፣ አንድም ጊዜ ሰልችቷት አያውቅም፣ እሱም በሐሳቡ ይመልስላታል፤ እባክሽን እኅቴ፣ አንዴ ብቻ፣ የእናቴን ድምፅ ሰምቼ ልተኛ። እናቱን ወደ ድንበር የመለሳት እሱ ነው። ከዚህች ነገር ሊሸሽ ወደ ግራ ይገለበጣል፣ ግራ ጎኑ ላይ ትጠብቀዋለች፤ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ቀድማው ተኝታለች። ሰው እናቱን ከእሳት ያወጣል፣ እሱም አውጥቷት ነበር፤ ከዚያ በገዛ አፉ መልሶ ከተታት፣ ለዚያውም ተቆጥቶ፣ ለዚያውም አንዲት የጎሽ ላም ሰበብ ሆና።

ደግሞስ ሰበቡ ጎሿ ነበረች? ወይስ የእኅቱ ባል ሪያሰት? ወይስ እሱ ራሱ? ከየት እንደሚጀምር ይጠፋዋል። ህንድና ፓኪስታን እንደገና የተጣሉ ሰሞን ነው፤ ሁለቱ የሚጣሉት እንደ ማንኛውም ጎረቤት ስለ ወሰንና ስለ ውሃ ነው፣ ልዩነቱ ሁለቱም ጓዳቸው ውስጥ አቶሚክ ቦምብ ማስቀመጣቸው ነው። በዋሪስ አገር ይህ ነገር ያኮራል እንጂ አያስፈራም። የወረዳው ከተማ አደባባይ ላይ ቦምቡ የተሞከረበት ተራራ በሲሚንቶ ተሠርቶ ቆሟል፣ ከውስጡ ቀይ መብራት ይበራለታል፣ ሙሽሮች ከፊቱ ፎቶ ይነሳሉ፣ ዋሪስ አባቱ ትከሻ ላይ ተቀምጦ ጃለቢ የሚሉትን ጣፋጭ ይበላል፣ ሽሮፑ በጣቶቹ እየወረደ የአባቱን ጥምጥም ያበላሻል፣ አባቱ ግን አይቆጣም፣ ከእንግዲህ ማንም አይነካንም ልጄ ይላል። ማንም አይነካንም። አባቱ ሞቷል፣ ተራራውንም መንገድ ሲያሰፉ አፍርሰውታል፣ ይኸው ተነክተዋል፤ ወይም የነኩት እነሱ ናቸው፣ ቴሌቪዥኑን ካመንክ ማን ማንን ቀድሞ እንደነካ አታውቅም። በዚያ አገር ሚኒስትሩ ወህኒ ይወርዳል፣ ከወህኒ የወጣው ሚኒስትር ይሆናል፣ ዱቄት ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል፣ መስጊድ ደጃፍ ቦምብ ይፈነዳል፣ ያ ትልቁ ነገር ግን አለ። የት ነው ያለው? ማን ነው የሚጠብቀው? ጠባቂውንስ ማን ይጠብቀዋል? ዋሪስ እነዚህን ጥያቄዎች ዕድሜ ልኩን ጠይቆ አያውቅም ነበር፣ አሁን በጠራራ ፀሐይ አልጋው ላይ ሆኖ ይጠይቃል።

የእናቱ መንደር ኮት ሚራን የሩዝ ማሳዋ የሚያልቀው ከድንበሩ ሽቦ ጋር ነው። መድፍ መውረድ የጀመረ ዕለት ዋሪስ ክሬኑ ላይ እንዳለ ነው የደወለው፤ እሱ የሚነዳው ክሬን ከመርከብ ላይ ኮንቴይነር እያነሳ ያወርዳል፣ ሁሉም ብረት ሳጥን ነው፣ ሁሉም ታሽጓል፣ ውስጡ ምን እንዳለ ማንም አይነግረውም፣ እሱም አይጠይቅም። አሁኑኑ ከዚያ ውጪ አላት። እናቱ መልሳ ስለ ቡሪ ጠየቀችው። ቡሪ ጎሿ ናት፤ በእነሱ አገር ጎሽ እንደ ላም ይታለባል።

«ከኔ በቀር ለማን ትታለባለች? ሐሊማ ብትጠጋት ባልዲውን በርግጫ ደፋችው።»

«እማዬ፣ መድፍ እየወረደ ስለ ጎሽ ታወሪኛለሽ?»

«መድፉ አልፎ አልፎ ነው ልጄ። ግቷ ግን ጠዋትና ማታ ይሞላል።»

ለመነ፣ ጮኸ፣ በመጨረሻ ከቤት እስክትወጪ እህል አልቀምስም ብሎ ማለ። ይህ ብቻ ነው የሠራው፤ ስደተኛ ልጅ ጾሙን አደረ ከተባለ የኮት ሚራን እናት መድፍን ትታ ስለዚያ ታስባለች። የራሷን ሻል ለጎረቤቷ ለሐሊማ ትታላት ሄደች። ሽታዬን ካገኘች ትሸወድ ይሆናል አለች፣ ነገር ግን ቡሪ በቀላሉ እንደማትሸወድ እሷም ታውቃለች፣ ዋሪስም ያውቃል፤ አንድ ክረምት እናቱ ታማ እሱ ቀሚሷን ለብሶ አልቧታል፣ የመንደሩ ጎረምሶች ዓመቱን ሙሉ ሙሽሪት ሲሉት ከርመዋል።

የሄደችው ወደ እኅቱ ወደ ሻጉፍታ ነው። ሻጉፍታ የተዳረችው ሻህዳር በምትባል ከድንበሩ ራቅ ባለች ከተማ ነው፣ ባሏ ሪያሰት የጥበቃ አለቃ ነው፣ የሚጠብቀው ደግሞ ማዳበሪያ ነው። እንዲህ ነው የሚባለው። በባሕር ዛፍ የተከበበ ሰፊ ግቢ አለ፣ በሩ ላይ የማዳበሪያ መጋዘን የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል፣ አንድም ገበሬ ከዚያ አንድ ኩንታል ገዝቶ አያውቅም፣ ሰሌዳው ሥር ግን መትረየስ የደገኑ ወታደሮች ይቆማሉ፤ ማዳበሪያ መቼም ተወዷል። ዋሪስ በእኅቱ ሠርግ ላይ ለሩዛችን ትንሽ አይቆነጥሩልንም ወይ ብሎ በሙሽራው ቀልዶ ነበር። ዘመድ ሁሉ ሳቀ፣ ሪያሰት አልሳቀም፣ ሩዙን መብላቱን ቀጠለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የሻህዳር ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አያውቅም፣ ያ ግቢ ሲነሳ ስለ ሙቀቱ ያወራል። ዋሪስ ግን ያኔ ያሰበው ሌላ ነው፤ ይህን ያህል ወታደር ባለበት ከተማ ማን ይደፍራል ብሎ ነው እናቱን ወደዚያ የላካት፣ በራሱ ብልሃትም ተደስቶ ነበር፣ ያን ሌሊት ክሬኑ ላይ ሆኖ አንጎራጉሯል።

እናቱ በእኅቱ ቤት ምን ትመስል ነበር? በእነሱ አገር ልጁን የዳረ ወላጅ ከልጁ ቤት እህል ውሃ አይቀምስም፣ ነውር ነው፤ ሰጥቶ መልሶ እንደመውሰድ ይቆጠራል። ስለዚህ እናቱ ጧት ጧት ተከናንባ ሱቅ ትሄዳለች፣ ዳቦና የላስቲክ ወተት ገዝታ ትመጣለች፣ የልጇ ማድቤት በር ላይ ተቀምጣ ትበላለች፣ ውሃዋን ከመስጊዱ ቧንቧ ትቀዳለች። ሻጉፍታ በስልክ አለቀሰችለት፤ ጎረቤት እያየ ነው፣ እናቴ የላስቲክ ወተት እያሸተተች ስለ ቡሪ ትተርካለች አለችው። ዋሪስ ሳቀ። ሳቁ አሁን ጆሮው ላይ ያስተጋባል፣ ያኔ የሳቀው ሌላ ሰው ይመስለዋል። ሪያሰት የደወለው በዚህ ሰሞን ነው። ሪያሰት ደውሎ አያውቅም፤ በበዓል እንኳ ሻጉፍታ እሱም ሰላም ብሎሃል ትላለች እንጂ ድምፁ አይሰማም። የእኅት ባል ደግሞ በእነሱ ዘንድ ትልቅ ሰው ነው፣ ሲገባ ይነሱለታል፣ ሲናገር ያደምጡታል። ዋሪስም ቁጥሩን ሲያይ ክሬኑ ወንበር ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠ።

«ደህና ነህ ዋሪስ?»

«ደህና ነኝ፣ እርስዎስ?»

«ደህና። እናታችን ጎሿን እያሰበች ነው።»

«ታስብ፣ መልመዷ አይቀርም።»

«ጎሽ ባለቤቷን ካጣች ወተቷ ነጥፎ ትደርቃለች። ወደ ቤቷ ብትመለስ ይሻላል፣ መኪና እኔ አገኛለሁ።»

«መድፍ እኮ ነው ያለው እዚያ» አለ ዋሪስ።

ከስልኩ ማዶ ከባድ መኪናዎች ሲያልፉ ይሰማል፣ አንዱ ካንዱ ኋላ፣ ቀስ እያሉ። «ጎሿ ትደርቃለች ዋሪስ» አለ ደግሞ፣ ቃሉን ረገጥ አድርጎ።

ለብልህ አይነግሩም ለአንበሳ አይመትሩም ይባላል፤ ዋሪስ ያን ቀን ብልህም አንበሳም አልነበረም። የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናትህ በዛችብን። የማድቤቱ በር፣ የላስቲክ ወተቱ፣ የጎረቤቱ ዓይን ሁሉ አንድ ላይ ወጡበትና ደሙ ፈላ፤ የእናቱን ዳቦ እንኳ እናቱ ናት የምትገዛው። «አንዲት አሮጊት ከበደችህ?» አለው። አንተ ብሎ። የእኅቱን ባል። ሪያሰት እንዳልክ ብሎ ዘጋው። ዋሪስ ወዲያው እናቱ ጋ ደወለና ነገ ጧት ከዚያ ቤት ውጪ፣ ለምን እንዳትዪኝ አላት። ሌላ መጠጊያ እንዳይፈልግላት ዘመዱ ሁሉ እዚያው ሽቦው ሥር ነው ያለው። እናቱ ለምንም አላለችም፣ ደስ ብሏት ነበር። ልብሷን ስትሰበስብ በስልኩ ሰምቷታል። እሷ በተመለሰች ዕለት ማታ ኮት ሚራን ላይ መድፉ በረታ ተባለ፣ ኔትወርኩም ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ ናት የምትመልስለት።

ልሂድና ላምጣት ብሎ ነበር። ከዚህ ካምፕ ፈቃድ የሚጠየቀው በስልክ ነው፣ ስልኩ ምክንያትዎን ይምረጡ ይላል፣ ሞት አለ፣ ጋብቻ አለ፣ ሕመም አለ፣ የሱ ምክንያት የለም። ቢሮ ሄዶ ጠየቀ። ጸሐፊዋ ከህንድ ኬራላ የመጣች ደግ ልጅ ናት፣ ሞት የሚለውን ንካና ላስገባልህ አለችው፣ ማን ነው የሞተብህ አለችው። ዋሪስ ጣቱን ዘረጋ፣ መልሶ ሰበሰበው። እናቱን በገዛ ጣቱ እንዴት ይግደላት? ለማንኛውም አውሮፕላኑም ቆሟል፣ ሰማዩ ተዘግቷል ይላሉ፤ ሰማይ እንዴት እንደሚዘጋ አይገባውም፣ ክሬኑ ላይ ሆኖ ሲያየው እንደወትሮው ክፍት ነው። ሪያሰትን ይረግመዋል፣ ከዚያ ራሱን ይረግማል፣ ከዚያ ጎሿን። ቡሪ ምን አጠፋች? ቡሪ ሽታ ነው የምታውቀው።

በሩ ተከፈተና ጉርመይል ገባ። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲብስ የቀን ሠራተኞቹን ያሳርፏቸዋል። ጉርመይል የላይኛው አልጋ ባለቤት ነው፣ የሲክ ሃይማኖት ተከታይ ነው፣ ከሽቦው ማዶ ካለው የህንድ መንደር የመጣ ነው፤ ዋሪስ ልጅ ሳለ የነጉርመይል ቤተ መቅደስ ድምፅ ማጉያ ነበር ማለዳ የሚቀሰቅሰው። ቋንቋቸው አንድ ነው፣ ስድባቸውም አንድ ነው፣ ሁለቱም ስልካቸውን እያዩ ከረሙ እንጂ ስለ ጦርነቱ አልተነጋገሩም። ጉርመይል ጥምጥሙን ፈትቶ ላቡን ጠረገ፣ የምስሩን ወጥ ከፍቶ ግማሹን ለዋሪስ ገፋለት፣ የኔም እናት አታነሳም አለው። ከዚያ የወለሉን ንጣፍ እያየ ሌላ ነገር ተናገረ።

«መድፍ እንኳ ባለቤት አለው፣ ወይ የናንተ ነው ወይ የኛ። ያኛው ትልቁ ነገር ከወጣ ግን መርዙን ነፋሱ ነው የሚነዳው። ነፋሱ ደግሞ ፓስፖርት አይጠይቅም፣ እናትህንም እናቴንም ነው የሚወስዳቸው።»

«ማን ያወጣዋል ይህን?» አለ ዋሪስ።

«ማንም ላያወጣው ይችላል። ያለበትን ቦታ አንድ ሰው በስህተት ቢመታስ? የት እንዳለ ታውቃለህ አንተ?»

ዋሪስ አላውቅም አለ። ምስሩን ጎረሰ። አላውቅም ያለው እውነቱን ነው? ባሕር ዛፎቹ ዓይኑ ላይ መጡ፣ ሰሌዳው፣ ሩዙን የሚበላው ሙሽራ። አባረራቸው። እነሱ የሻጉፍታ ቤት ጎረቤት ናቸው፣ የሻጉፍታ ልጆች ከአጥሩ ሥር ኳስ ይጫወታሉ፣ ኳሱ አጥሩን ሲሻገር ወታደሮቹ ይመልሱላቸዋል። ጉርመይል እረፍቱን ጨርሶ ወጣ። ዋሪስ የእናቱን ቁጥር ነካ፣ ሴትዮዋን ይጠብቃል፣ ሴትዮዋ ግን አልመጣችም፣ እናቱ መጣች። ሃሎም አላለችም፣ ወሬዋን ከመሃል ነው የጀመረችው፤ እነሱ ለስደተኛ ልጅ ክፉ አያወሩም፣ ሁሉ ደህና ነው ይሉና ከደህናው መሃል የቀረውን አንተ ትፈልጋለህ።

«ደህና ነን፣ ሁሉ ደህና ነው። ትናንት አንዱ ከጉድጓዱ ወዲያ ወደቀ፣ ሌላ ምንም የለም። ቡሪ ግን ተቀይማኝ ነበር፣ ፊቷን አዞረችብኝ። ኋላ ዙኒ ሻሌን ለብሳ ብትጠጋት ቀጥ ብላ ቆመችላት። አለበቻት እኮ፣ ባልዲ ሙሉ።»

«የትኛዋ ዙኒ?»

«የሻጉፍታ ልጅ ናታ። አባቷ አምጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጣት፣ መኪናው ሊነሳ ሲል። በነጠላ ጫማዋ። ማለብ ትማር አለኝ። የከተማ ልጅ ማለብ ምን ይሠራላታል ብዬ ሳቅሁበት፣ እሱ ግንባሯን ደጋግሞ ሳመና በሩን ዘጋው።»

«ሻጉፍታስ? ትንሹ ልጅስ?»

«ሻጉፍታማ ልከተላችሁ ብላ ነበር። ባሏ ግን የመጋዘን ሰው ሚስት ሻንጣ ስታነሳ ከታየች ከተማው ሁሉ ያነሳል አላት። ትንሹም እናቱን አልለቅ አለ። ለመሆኑ እህል ቀምሰሃል?»

ቀምሻለሁ አላት። ስልኩ ተቋረጠ። ዋሪስ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ፣ የፀሐይዋ ነጠብጣብ ጉልበቱ ላይ ወጣች። ሰው አማቱን ሊጠላ ይችላል። አማቱን ለመሸኘት ግን የገዛ ልጁን፣ ደጋግሞ የሚስማትን፣ መድፍ ወደሚወርድበት መንደር በነጠላ ጫማ አይልክም፤ እንዲህ የሚያደርግ አባት የራሱን ቤት ከመድፉ አብልጦ የሚፈራ ብቻ ነው። ጎሿ ትደርቃለች ዋሪስ። እነዚያ ቀስ እያሉ ያልፉ የነበሩ መኪናዎች ምን ጭነው ነው የሚሄዱት? ወይስ እያመጡ ነበር? ሪያሰት ስልኩ ላይ ማን እንደሚያዳምጠው ያውቃል፣ ሊል የሚችለው ጎሽ ብቻ ነበር፣ ጎሽ አለ፣ ደግሞ አለ፣ ረገጥ አድርጎ አለ። እሱም አንዲት አሮጊት ከበደችህ ብሎ መለሰለት። እናቱን ያዳናት የሱ ኩራት ነው እንግዲህ፣ ለዚያውም ሳያውቅ፤ ኩራቱ ባይነሳ ኖሮ አትመለስም ብሎ ሊሟገት ነበር። በዚህ ይደሰት ወይስ ይፈር? እፍረቱ ፊቱን አቃጠለው፣ ከዚያ ሻጉፍታ ትዝ አለችው፣ እፍረቱ ቀዘቀዘና ሌላ ነገር ሆነ። እኅቱ ጋ ይደውላል። ሴትዮዋ ተመልሳ መጥታለች፣ ማግኘት አይችሉም ትላለች፣ እኅቱ አጥሩ ሥር ልብስ እያሰጣች ይሆናል፣ ትንሹ ኳስ እየመታ ይሆናል፣ ሰማዩም ክፍት ነው። ሪያሰት ዘንድ ሊደውል ጣቱን ያነሳል፣ ምን ይላል? አንተ ያለውን አፍ ይዞ እንዴት ይደውላል?

እንቅልፍ ወሰደው ወይስ አልወሰደውም፣ አያውቅም፤ ኮሪደሩ በጩኸት ሲሞላ ፀሐይዋ ከፎይሉ ቀዳዳ ሸሽታለች። ተኩስ ቆመ አሉ። ሁለቱም መንግሥታት አሸነፍን ብለዋል፣ ሁለቱም ሕዝቦች ጃለቢ ገዝተዋል፣ ጉርመይል በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ጃለቢ ይዞ ገባና አንዱን ዋሪስ መዳፍ ላይ አስቀመጠለት፣ አቅፎትም ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ እናቱ ጋ ሊደውል ወጣ። ሽሮፑ በዋሪስ ጣቶች መሃል ይወርዳል፣ የአባቱ ጥምጥም ሥሩ የለም። በሌላኛው እጁ ደወለ። ሪያሰት ወዲያው አነሳ።

ዋሪስ ሊል ያሰበውን ሁሉ ረሳው። ይቅርታ የሚለው ቃል በስልክ አላልፍ አለው። «እንዴት ነዎት?» አለ፣ ቃሉን በሙሉ ክብሩ መልሶለት። ሪያሰት ደህና ነኝ አለ። ድምፁ የተኛ ሰው ድምፅ አይደለም።

«ተኩስ ቆመ አሉ።»

«አሉ።»

«እንግዲያው ነገ ዙኒን ላስመጣልዎት? የሐሊማ ልጅ ያደርሳታል። ሻጉፍታ ናፍቃታለች።»

ዋሪስ አዳመጠ። ከስልኩ ማዶ ከባድ መኪናዎች ያልፋሉ፣ አንዱ ካንዱ ኋላ፣ ቀስ እያሉ፣ ልክ እንደዚያን ቀን።

«ማለብ ቻለች?» አለ ሪያሰት።

ባልዲ ሙሉ ነው ያለበችው፤ ዋሪስ ይህን ያውቃል። ከኮሪደሩ ሳቅና ጭብጨባ ይመጣል፣ ፓኪስታኑም ህንዱም አንድ ላይ ይዘፍናል። ዋሪስ ጃለቢውን ጨበጠው፣ መዳፉ ውስጥ ተሰበረ።

«ገና ናት» አለ። «ገና አልቻለችም።»

«ትቆይ እንግዲህ።»

«ሻጉፍታስ?»

«ሻጉፍታ ማለብ ታውቃለች፣ ልትማር የምትሄድበት ምክንያት የላትም» አለ ሪያሰት፣ ስልኩም ተዘጋ። ከውጭ ወደ ወደቡ የሚወስደው አውቶቡስ ጥሩንባውን ነፋ፣ ዋሪስ የሥራ ጫማውን ከአልጋው ሥር መፈለግ ጀመረ።